በነጭ አጎዛ ላይ ጥቁር ክር

በዚያ የሰኔ ዝክር ዕለት በቤቱ የነበርነው እነዚህ ነን፤ በመደቡ ራስ ላይ የንስሐ አባታችን ቄሱ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ከላይ ሰፈር የመጡ ሁለት ጎረቤቶች፤ በምሰሶው ሥር አማቼ፣ የልጄ ባል፤ ከእሳቱ ዳር፣ እንዝርታቸው ለበዓሉ ስለ ተቀመጠ እጃቸው ሥራ የፈታባቸው የአማቼ እናት፤ ጠላ የምትቀዳው ልጄ፤ ሁለቱ የልጅ ልጆቼ፣ ማለት ሰባተኛ ዓመቷን የጀመረችው ታላቂቱና አራት ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሟ፤ በመጨረሻም ከበሩ አጠገብ እኔ።

ከበሩ አጠገብ መቀመጤ ማንም አስቀምጦኝ አይደለም። አማቼ ወደ መደቡ ሊያወጣኝ ብዙ ጊዜ ታግሎ ትቶኛል። ከበር አጠገብ ያለ ሰው አይጠየቅም፤ ሲፈልግም ይወጣል። ለዚያ ነበር የወደድሁት።

ከምሰሶው ወዲያ ባለው ግድግዳ ላይ ልጄ ከቀየት ገበያ የገዛችው የፊደል ገበታ በአራት እሾህ ተወጥሮ ተሰቅሏል። ልጄ ራሷ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ በዜማ፣ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ነው። ልጇንም ያስተማረቻት እንደዚያው ነበር። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ሊጥ ስታቦካ ወይም እሳት ስታነድ፣ ልጅቱ ከግድግዳው ፊት ቆማ በስንደዶ እየጠቆመች ታዜማለች። ዜማው ሲሳሳት እናት ሳትዞር ታርማለች። ዜማው መሳሳት ካቆመ ሰንብቶ ስለ ነበር፣ ልጅቱ ማንበብ ማወቋን የሚጠራጠር በቤቱ አልነበረም። በእኛ አገር ትምህርት በጆሮ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ካህኑ በማኅሌት ሲስት እንኳ ጓደኛው የሚያርመው ሰምቶ እንጂ አይቶ አይደለም።

ዳቦው ተቆርሶ ጠላው አንድ ዙር ከዞረ በኋላ አማቼ ልጁን ጠራት።

«ነይ እስቲ፣ ለአባ አሰሚያቸው።»

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተነሣች። ስንደዶዋን ይዛ ከሀ ጀምራ እስከ ፐ ድረስ አንድ ጊዜ ሳትደናቀፍ ወረደችው። ጎረቤቶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አብረዋት ሊያዜሙ ቃጣቸው። ከእኔ ስፍራ ግን ስንደዶው በደንብ ይታይ ነበር። ድምፅዋ «ነ» ላይ ሲደርስ ስንደዶው ገና «ተ»ን አላለፈም። ሁለቱ የተገናኙት በመጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ ከዚያ በታች መውረጃ ስለሌለ።

ይህን ያየሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ቄሱ ግን ተነሥተው ስንደዶውን በፈገግታ ተቀበሏትና ከገበታው ታችኛው ክፍል አንዷን ፊደል፣ «ገ»ን፣ ጠቆሙ።

«ይህችንስ ማን ይሏታል፣ ልጄ?»

ልጅቱ ፊደሏን አተኩራ አየች። ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቀረብ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው ሀ ሁ ሂ የምትል ትንሽ ድምፅ ትሰማ ነበር።

«ከሀ ተነሥታለች» አሉ የአማቼ እናት። «ገ ሩቅ አገር ነው። እስክትደርስ ጠላችሁን ጠጡ።»

ቤቱ ሳቀ። ልጅቱ በሳቁ መካከል መንገዷን ቀጠለች፤ በመጨረሻም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጠ» አለች። አንድ መስመር አልፋ ነበር።

«ደግ ነው» አሉ ቄሱ፣ ራሷን እየዳበሱ። «እስካሁን ያነበብሽው በጆሮሽ ነው። ዐይንሽ ገና ይቀረዋል።»

ያን ክረምት የቀበሌው ሰዎች ልጆቻችሁን አስመዝግቡ እያሉ በየቤቱ ይዞሩ ነበር። አማቼም ታላቂቱ ካወቀች በመስከረም ትገባለች ብሎ ቃል ሰጥቷቸው ነበር። አሁን ጠላውን አስቀመጠና ሳቁን ሳይጨርስ ተናገረ።

«እንግዲያ ዓመት ትቆይ። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ደግሞ እስከ ጥቅምት አይቀንስም፤ ማን ያሻግራታል? ወንድሟ ይደግና አብረው ይሂዱ። እዚያ ሄዳ ልትዘፍን ከሆነም እዚሁ ትዝፈን፤ ለበጎቹ ደስ ይላቸዋል።»

ክፋት አልነበረበትም። በልጅነቱ አንድ ታናሽ እኅቱን ያ ወንዝ እንደ ወሰደበት ልጄ ነግራኛለች፤ እሱ ግን ስለዚያ ተናግሮ አያውቅም፤ ስለ ወንዙ የሚናገረው ሁሉ ቀልድ ይመስላል። ልጅቱ ይህን አታውቅም። እሷ የሰማችው አለመሄዷን ብቻ ነው። ቀስ ብላ ከትልቁ ጎታ ጀርባ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ የቀሚሷ ጫፍ እንጂ ሌላ አልታየንም።

«አንተ ሰው፣ አትቸኩል» አሉት ቄሱ። «ለነሐሴ ዝክር እንመጣ የለም? ያን ዕለት ከዚህ በፊት ሰምታው የማታውቀውን ነገር አንብባ ብታሰማንስ?»

«ያልሰማችውን?»

«ያልሰማችውን።»

«ካነበበች ትሄዳለች» አለ አማቼ። «ካላነበበች ግን፣ አባ፣ ዳግመኛ ነገሩን እንዳያነሡብኝ።»

በማግሥቱ ልጅቱ አራቱን እሾህ ነቅላ ገበታውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው፤ መልሳም እሾሁን በየቦታው ተከለችው። እናቷ ማን እንዳደረገው ስትጠይቅ አልደበቀችም።

«ፊደሎቹ ግድግዳውን ይዩ። እኔ አላያቸውም።»

ልጄ ይህን ሰምታ ወደ እኔ መጣችና ከፊቴ ቆመች።

«አባባ፣ እርስዎ እያሉ?» አለችኝ።

ስለ ራሴ ብዙ አልጽፍም። በልጅነቴ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው፣ ከመርሐቤቴ እስከ ግሼ፣ አኰፋዳ ይዤ ዞሬአለሁ። ኋላ በከተማ ወረቀት ከሚገላበጥበት ጠረጴዛ ፊት ለብዙ ዓመታት ተቀምጫለሁ። መንግሥት ሲለወጥ ወደ ልጄ ቤት መጣሁ። በመሬት ድልድሉ ጊዜ ስሜ ከድሮው መንግሥት ሰዎች ጋር ተጽፎ ምን እንደ ቀረብኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታና ከምርቃት በቀር ብዙ አልናገርም ነበር፤ ልጆቹም ዝምታዬን ለምደው እንደ ምሰሶው ዞረውኝ ያልፋሉ። የአማቼ እናት ብቻ ነበሩ ነገር ሳይፈልጉኝ የማይውሉት። «የኔታ» ይሉኛል፤ ያስተማርሁትን ሰው ግን አንድ ጊዜ አይተው አያውቁም።

የተማርሁት በአንድ መንገድ ብቻ ስለ ሆነ በዚያው ጀመርሁ። በማለዳ ከደጅ፣ ፀሐይ ስትወጣ እንዲሞቃት አስቤ፣ ልጅቱን ከጎኔ አስቀመጥኋት፤ ገበታውን ከጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በስንደዶ ጠቆምሁ። ፀሐይ አልወጣችም፤ ጉም ነበር። እኔ አንዱን ስጠቁም እሷ ዜማውን ከሥሩ ትጀምራለች። አቁሚ ስላት ታቆማለች፤ ስቀጥል ትቀጥላለች። ከጋቢዬ ሙቀት የተነሣ ይመስለኛል፣ ጥቂት ቆይታ ራሷን ከክንዴ ላይ ጣለች። ከጋጣው ውስጥ ታናሽየው የቀረውን በሙሉ ድምፁ ጨረሰልን።

«የኔታ» አሉ የአማቼ እናት ከበር ብቅ ብለው፣ «ተማሪዎ ተኝታለች። ይቀጥሉ ግድ የለም፤ እንቅልፍ ያሳድጋታል።»

ለብዙ ቀን ሌላ አልሞከርሁም። ዝናቡ ገባ። በክረምት የእኛ ቤት ሰው ሁሉ ከእሳቱ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ የአማቼ እናት ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሆነውን ጥቁር የበግ ጠጕር ይፈትላሉ፤ ልጆቹ ከነጩ አጎዛ ላይ ይንከባለላሉ። አንድ ቀን ከእንዝርቱ የተቆረጠ ጥቁር ክር ከአጎዛው ላይ ወደቀ። በወደቀበት ሁኔታ ዙሮ ራሱን ዘጋ።

«ዳቦ» አለ ታናሽየው።

«አይደለም፣ እንክብል ነው» አለች ታላቂቱ።

እኔም፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ አፌን ከፈትሁ። «ስሙ ዐ ነው» አልሁ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እንደ ምሰሶ የሚያውቁት ሰው ስለ ተናገረ ይሁን ወይም ዳቦው ስም ስለ ኖረው አልለየሁም። ልጅቱ ክሩን አነሣችና በጣቶቿ መካከል ይዛ፣ ከከረመችበት ጥያቄ የወጣ የሚመስል ነገር ጠየቀችኝ።

«ከግድግዳው ላይ ያለው ዐ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እዚህ ሆኖም ያው ነው?»

«የትም ቢሆን ያው ነው።»

ያን ጊዜ የልጅቱ ችግር ገባኝ። ለእሷ ፊደል የገበታው ላይ ስፍራ ነበር፤ ከወንበሩ የተነሣ ሰው ስሙ እንደሚጠፋ ያህል። ከስፍራው አውጥቶ እንደ ዕቃ በእጇ የሚያስይዛት ሰው አላገኘችም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ክር መለመን ሥራችን ሆነ። ሴትዮዋ እያጉረመረሙ አጫጭሩን ይጥሉልናል፤ እኛ ከነጩ አጎዛ ላይ እናጥፈዋለን። ስም ከመስጠቴ በፊት ምን እንደሚመስል እነሱ እንዲነግሩኝ አደረግሁ። በ የጋጣው በር ሆነ። ተ የአባ መስቀል ሆነ። «ቀ»ን በሠራን ጊዜ ልጅቱ አያቷን ቀና ብላ አየችና «የእምዬ እንዝርት ነው» አለች፤ ሴትዮዋም እንዝርታቸውን ከአጎዛው አጠገብ አቁመው አስተያዩት።

«እውነት ነው» አሉ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ፊደል ስፈትል ኖሬአለሁ፣ የነገረኝ የለም።»

መ ላይ ስንደርስ ተከራከሩ። ታናሽየው ሁለት ድንች ነው አለ። ታላቂቱ ወደ ፊቴ ተጠግታ አየችኝ፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀርባ አይታኝ አታውቅም።

«የአባባ መነጽር ነው» ብላ ፈረደች።

መነጽሬን አውልቄ ከአጎዛው ላይ፣ ከክሩ ጎን አስቀመጥሁት። ሦስታችንም ሳቅን። እኔ መሳቄን ያወቅሁት ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ ስታየን ነው።

ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ልጆች የሚለየውን ምልክት እኔ በልጅነቴ በአለንጋ ነው የተማርሁት። እነዚህ በልብስ ተማሩት። በ ባዶውን የቆመ ነው። ቡ ዱላውን በብብቱ ሥር ይዟል። ቢ አንድ እግሩን ጫማ አድርጓል። ቤ ሙሽራ ናት፤ ከእግሯ አልቦ አላት። ባ ግን አንድ እግሩ ረዘመ፤ ለምን ረዘመ ብዬ ብጠይቅ ታላቂቱ ወዲያው መለሰችልኝ። «ቁልቁል ስለ ቆመ ነዋ። ወደ ወንዙ እየወረደ ነው።» ቦስ? «እሱ ደግሞ እየተመለሰ ነው።» በመንዝ ሜዳ ላይ እንኳ ቀጥ ብሎ የሚቆም በግ ስለማይገኝ መልሱ ለእሷ ግልጽ ነበር። ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ የሳብዕን እግር እንዲህ ያስረዳኝ አላገኘሁም።

በሐምሌ ክሩ አልበቃ አላት። በከሰል መጻፍ ፈለገች፤ ወረቀት አልነበረንም፤ በጎች ግን ነበሩ። አንድ ማታ በጎቹ ሲገቡ ነጫጮቹ ግልገሎች ሁሉ ከጎናቸው ላይ ፊደል ተጽፎባቸው አገኘናቸው። መጀመሪያ የጮኹት ጠጕሩ የሚመለከታቸው ሴትዮ ናቸው።

«ጠጕሬን አጠቆራችሁት። ከሰል ልፈትል ነው?»

አማቼ አንዷን ግልገል አንሥቶ ወደ እሳቱ ብርሃን አቀረባት።

«ገበያ ሳወጣቸውስ ምን ልበል? ይህች በግ ድቁና ተቀብላለች ልበል?»

«ዝናቡ ያጥበዋል፣ አባዬ» አለች ልጅቱ። «እኔ ደግሞ እጽፈዋለሁ።»

እንዳለችውም ሆነ። ዝናቡ በየቀኑ ያጥባል፤ እሷ በየማታው ትጽፋለች። ከእኔ ይልቅ ዝናቡ የተሻለ መምህር ነበር፤ አይቆጣም፣ የተጻፈውን ግን ሁሌ እንደገና ያስጽፋል። ታናሽየውም አንድ ፊደል ብቻ መረጠና ሀን ይዞ ቀረ፤ ቀንድ ይመስላል ብሎ። ለእሱ የተሰጠው በግ ጥቁሩ ቀንዳም ወጠጤ ስለ ነበር ከሰሉ በጭራሽ አይታይበትም፤ እሱ ግን በየማታው ይጽፍበታል።

አንድ ማታ ጉም በርትቶ ሳለ በጎቹ ጎድለው ገቡ። አማቼ ከጋጣው በር ቆሞ «ማናት የጎደለችው?» አለ። ልጅቱ በበጎቹ መካከል እየተሽሎከለከች ጎናቸውን አየችና «ለ ናት» አለችው። እሱ ወደ ጉሙ ገባ። ዘግይቶ ግልገሏን በትከሻው ተሸክሞ ሲመለስ ከእኔ አጠገብ አወረዳት፤ ዝናቡ የፊደሏን ግማሽ አጥቦት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ይቺ ናት ለ?»

«ናት።»

«ሁለት እግር ያላት» አለ። ከዚያ ማታ ወዲህ ግልገሎቹን በስማቸው ይጠራቸው ጀመር። ሰ እያነከሰች ነው፤ ጠ አትጠባም፤ እያለ። ከቤቱ ሰው ሁሉ ዜማውን ሳያውቅ ፊደሉን ያወቀ እሱ ነው።

ሐምሌ ሲያልቅ ግን አንድ ጭንቀት ገባኝ። ልጅቱ ፊደሎቹን ሁሉ በየትም ቢገኙ ታውቃለች፤ ጎን ለጎን ስታያቸው ግን እያንዳንዳቸውን እንደ እንግዳ ለየብቻቸው ሰላም ትላቸዋለች እንጂ አብረው ምን እንደሚሉ አትሰማቸውም። እሷም ሳታውቀው አልቀረችም። ከአጎዛው ላይ ከጎኔ ተኝታ ሳለች ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ አባ የሚያመጡት ያልሰማሁት ነገር ምንድን ነው?»

«እኔም አልሰማሁትም።»

«እርስዎም ካልሰሙት ከባድ ነው» አለችና ተነፈሰች።

በማግሥቱ ከአጥሩ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሣሁ። ልጄ የቆላችውን የገብስ ቆሎ በጨርቅ ቋጥሬ ደበቅሁ፤ የደበቅሁበትን ስፍራ ስም በከሰል ከድንጋዩ ላይ ጻፍሁና ከልጅቱ ፊት አስቀመጥሁት። ከድንጋዩ ላይ ያለው የሚበላ ነገር ያለበት ቦታ ነው አልኋት። ከዚያ በላይ አልናገርም አልሁ፤ ዝም ማለት ለእኔ አያስቸግርም።

«ጎ» አለች። «ታ።» አየችኝ። አላየኋትም። «ጎ። ታ። ጎ፣ ታ።» ታናሽየው በዚህ መካከል አልጋውን ገልጦ፣ ምጣዱን አንሥቶ፣ የአያቱን እንዝርት መሶብ ገልብጦ ፈትሾ ነበር። ልጅቱ በድንገት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ከዚያም በሰኔው ዝክር ዕለት ወደ ተሸሸገችበት፣ ከትልቁ ጎታ ጀርባ፣ ሮጠች። ስትመለስ አፏ በቆሎ ተሞልቶ ስለ ነበር መናገር አልቻለችም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የድንጋይ ቤት ሆነ። ከሰልና ድንጋይ ያልያዘ ሰው አልነበረም። ልጄ ጠዋት ተነሥታ «ውኃ» ብላ ጽፋ ከእንስራው ላይ ታስቀምጣለች፤ ልጅቱ ከጉድጓዱ ስትመለስ ከድንጋዩ ሥር የተቀቀለ ድንች ይጠብቃታል። የአማቼ እናት እኔን ጠርተው «አትንኩ ብለው ይጻፉልኝ፣ የኔታ» ይሉና ድንጋዩን ከጠጕራቸው ክምር ላይ ያኖሩታል። ልጅቱም አንብባ፣ በጣቷ ጫፍ ብቻ ትነካዋለች። ታናሽየው ማንበቡን ትቶ እኔን መከታተል ይሻላል ብሎ ወሰነ፤ ስደብቅ ከኋላዬ ሆኖ ያያል፤ ስለዚህ ለእሱ ሲባል ባዶ ቦታ ላይ የምደብቅ መስዬ መዞር ነበረብኝ። በዚያ ዕድሜዬ ከበግ ጋጣ ውስጥ ተንበርክኬ ልጅ ሳታልል የአማቼ እናት ደርሰውብኝ ነበር።

«አፍዎን ብቻ መስሎኝ ያገኙት» አሉኝ። «እግርዎንም አግኝተዋል።»

የነሐሴ ዝክር ዕለት ሌሊቱን ያደረው ዝናብ ጠዋትም አላባራም። የመጡት እነዚያው ናቸው። ቄሱ ከመደቡ ራስ ላይ፣ ጎረቤቶቹ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ዳቦው ተባርኮ ከተቆረሰ በኋላ ቄሱ ከደረታቸው ከተንጠለጠለው ማኅደር የጸሎት መጽሐፋቸውን ማውጣት ጀመሩ።

«አባ፣ ግእዝ እንኳንስ እሷ እኛም አናውቅ» አሉ የአማቼ እናት። «ብትሳሳት በምን እናውቃለን?»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ቄሱ።

«የለም» አለ አማቼ፣ ከምሰሶው ሥር ተነሥቶ። «እርስዎም ይራራሉ፤ አባባም ይራራሉ። ሁለታችሁም አትታመኑም። የሚነበበውን እኔ እሰጣለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «ይነሡ፣ ድንጋይዎን ይያዙ።»

ከደጅ፣ ከጓሳ ሣሩ ክዳን ጫፍ ሥር ቆምን። ውኃው ከፊታችን እንደ መጋረጃ ይወርዳል። ወንዙ ከዚያ ድረስ ይሰማ ነበር። አማቼ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ ጥቂት ቃላት ነገረኝ። ከሰሉን ይዤ አየሁት።

«ያልሰማችውን አይደል የፈለጋችሁት?» አለኝ። «ይህን ከኔ ሰምታ አታውቅም።»

ድንጋዩን ከጋቢዬ ሥር አድርጌ ጻፍሁ። እሱ ከሰሉ እስኪቆም ድረስ እጄን ተመለከተ።

«ያልሁትን ነው የጻፉት?»

«ያልኸውን ነው።»

ድንጋዩን ራሱ ይዞ ገባ፤ በእኔ ስላላመነ ነው። ከልጁ ፊት ሲያስቀምጠው ተዘቅዝቆ ነበር፤ እሷ አዙራ አቃናችው። ይህን ሲያዩ ቄሱ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ልጅቱ አላዜመችም። ጣቷን ከድንጋዩ ላይ አሳረፈች።

«ወ። ን። ዙ፣ ዱላ ይዟል፣ ዙ። ን። ወንዙን።»

ልጄ ማንቆርቆሪያውን ይዛ እንደ ቆመች ቀረች።

«እ። ኔ። እኔ።»

ሦስተኛው ቃል ረጅም ነበር። ጣቷ ከአንደኛው ፊደል ተነሥቶ ሁለተኛው ላይ ቆመ።

«በግ» ብሎ አንሾካሾከላት ታናሽየው፣ ሊረዳት ፈልጎ።

«አይደለም። እግሩ ረዝሟል» አለች። «ወደ ወንዙ እየወረደ ነው። ሻ። አ፣ ሻ። ግ። ር። ይኸኛውም ሻ ነው። ለ፣ የጠፋችው። ሁ።»

አማቼ ጣሪያውን ያይ ነበር። ልጅቱ ከመጀመሪያው ተመለሰች። በዚህኛው ጊዜ ፊደሎቹን ለየብቻ ሰላም አላለቻቸውም።

«ወንዙን እኔ አሻግርሻለሁ።»

ካነበበችው በኋላ ነው የሰማችው። ድምፅዋ ከአፏ ወጥቶ ወደ ጆሮዋ እስኪመለስ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ፊቷ ሲለወጥ ሁላችንም አየን። ወደ አባቷ ቀና አለች።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«እውነት ነው ወይስ ለማንበብ ያህል ነው?»

«ተጽፏል አይደል?» አለ አማቼ።

ጎረቤቶቹ ሳቁ። ቄሱ ለመመረቅ እጃቸውን ሲዘረጉ የአማቼ እናት ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር፤ ጭሱ ነው አሉ። ልጅቱ ምርቃቱን ቆማ ተቀበለችና ድንጋዩን ተሸክማ ከትልቁ ጎታ ጀርባ ወሰደችው። ዝናብ እንዳያጥበው ብላ ነው። ልጄ አጠገቤ መጥታ ጠላ ቀዳችልኝ፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች።

በመስከረም ትምህርት ቤት በተከፈተ ዕለት ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ወንዙ ግን ገና ሙሉ ነው። ከደጃችን ሆነን ስናይ አማቼ ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ ልጁን በትከሻው ላይ ተሸክሞ ገባ። እሷ ራሱን በሁለት እጇ ይዛለች። ከውኃው መካከል ሲደርስ ቆመ፤ እኔ ቁልቁል አንድ እርምጃ ሄድሁ፤ ኋላ እንደ ሰማሁት ግን የቆመው ከማዶው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ የተጻፈውን እንድታነብለት ጠይቋት ነው። አንብባለታለች። ከዚያ ተሻገሩ።

ሳይታዩን እስኪቀሩ ቆመን ተመልሰን ገባን። ሴትዮዋ እንዝርታቸውን አነሡ። ልጄ እሳቱን ቆሰቆሰች። እኔ ከበሩ አጠገብ ልቀመጥ ስል ታናሽየው ጋቢዬን ይዞ ወደ አጎዛው ጎተተኝ፤ ጥቁር ክርም በእጁ ይዞ ነበር።

«ስንት ቀረን?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቆጠርሁለት። አያቱ፣ እናቱ፣ እሱ፣ እኔ፤ አራት ቀረን አልሁት።

ወደ ጋጣው አመለከተ፤ ከሰሉ የማይታይበት ቀንዳሙ ወጠጤ ራሱን በበሩ በኩል አውጥቶ ያየናል።

«ሀን ረሱት» አለኝ። «አምስት ነን።»